ነፋስ፣ ውሃና የቆመ ሰው፦ ከገሊላ ባሕር እስከ ጣና



የዛሬው ርእሴ ከወትሮው የፊዚክስ ንግግሮች ቀለል ያለ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። በጠባብ ሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ ረጅም መቅዘፊያ ይዞ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ውሃ ላይ ስለሚሄድ ሰው ነው የምናገረው። ይህ ስፖርት በዓለም ላይ ፓድልቦርድ በሚል ስም ይታወቃል፤ ከሃዋይ ተነሥቶ ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ወደ ብዙ አገር ሐይቆችና ባሕሮች ተዛምቷል። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ በአየር የሚነፋ፣ ርዝመቱ ከሦስት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ ክብደቱም አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞት የሚሄደው ያህል ነው። ነገር ግን የምናገረው ስለ ስፖርቱ ብቻ አይደለም። እኛ ያለነው ጣና ዳር ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አባቱ፣ ወንድሙ ወይም ራሱ በታንኳ ያልቀዘፈ ሰው ጥቂት ነው። በሰሌዳ ላይ የቆመውን ሰው የሚገፋው ነፋስና በታንኳ ላይ ያለውን ሰው የሚገፋው ነፋስ ሕጉ አንድ ነው።

ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ የራሴ ስሕተት ስለሆነ በእርሱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በበልግ መግቢያ ሳይሆን በእነርሱ አገር የመከር ወራት፣ በእስራኤል የሚኖሩ ዘመዶቼን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የእኅቴ ልጅ የዐሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ነው፤ ወደ ገሊላ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ወሰደኝና ሁለት ሰሌዳ ተከራየን። ጠዋት ነው። በዳርቻው ያለው ውሃ እንደ መስታወት ለስልሷል። ቆሜ መቅዘፍ ጀመርኩ፤ ሰሌዳውም ያለ ምንም ድካም ወደ መካከል ይሄድልኝ ጀመር። እኔ ጣና ዳር ያደግሁ ሰው ነኝና ችሎታው የራሴ መሰለኝ። ዞሬ ለመመለስ ስሞክር ግን ሰሌዳው አልንቀሳቀስ አለ። እቀዝፋለሁ፤ በዳርቻው ያለው ዛፍ ግን እየቀረበኝ ሳይሆን እየራቀኝ ነው። የእኅቴ ልጅ ከኋላዬ «ጋሼ፣ ይንበርከኩ! አይቁሙ፣ ይንበርከኩ!» እያለ ይጮኻል። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልጅ ፊት መንበርከክን እንደ መሸነፍ ቆጠርኩት። በመጨረሻ የተንበረከክሁት መክሬ ሳይሆን ወድቄ ነው። ተንበርክከን እየቀዘፍን፣ ከተነሣንበት ቦታ በጣም ርቀን፣ አንድ ሰዓት ከሚያህል ድካም በኋላ ምድር ረገጥን።

በዚያን ዕለት ከድካሙ ይልቅ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ነፋስ በአካል ላይ የሚያሳርፈውን ኃይል ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የማስተምር ሰው ነኝ። ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። በውሃው ሰሌዳ ላይ ሳለሁ ግን አላስታወስሁትም። ስለዚህ ዛሬ ቀመሩን ከእናንተ ጋር እንደገና ላስላው።

የነፋስ ኃይል እንዴት ያድጋል?

ነፋስ በአንድ አካል ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በአየሩ እፍጋት፣ በአካሉ ቅርጽ፣ አካሉ ለነፋሱ በሚያጋልጠው ስፋት፣ እንዲሁም በነፋሱ ፍጥነት። ከእነዚህ ሦስቱ እንዳሉ ቢጨምሩ ኃይሉም በዚያው ልክ ይጨምራል። ፍጥነቱ ግን ልዩ ነው፤ ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ነፋሱ በእጥፍ ሲፈጥን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሲፈጥን ዘጠኝ እጥፍ።

በቁጥር እንየው። በባሕር ወለል አካባቢ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የቆመ ሰው ለነፋስ የሚያጋልጠውን ስፋት 0.65 ካሬ ሜትር ብለን እንውሰድ። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፣ በቆመው ሰው ላይ የሚያርፈው ኃይል 11 ኒውተን ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎ ስኳር በእጅ ሲያዝ የሚሰማውን ያህል። ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ሲሆን ግን ኃይሉ 43 ኒውተን ይደርሳል። ይህ ከአራት ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ ያለማቋረጥ ወደ ኋላ እንደሚጎትት ማለት ነው።

አሁን ይህን ከቀዛፊው ጉልበት ጋር እናነጻጽረው። አንድ መካከለኛ ቀዛፊ ሳይደክም ለረጅም ጊዜ ሊያቆየው የሚችለው ግፊት በአማካይ 30 ኒውተን ነው ብለን እናስብ፤ በዚህም ግፊት ነፋስ በሌለበት ውሃ ላይ በሰከንድ 1.5 ሜትር ይሄዳል እንበል። ለስሌታችን የወሰድናቸው ግምቶች ናቸው፤ ጠንካራ ሰው ይበልጠዋል፣ ጀማሪ ያንሰዋል። የውሃው መቋቋምም እንደ ነፋሱ ሁሉ በፍጥነት ካሬ ያድጋል። ይህ ቀዛፊ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍሰውን ነፋስ ፊት ለፊት ሲጋፈጥ ፍጥነቱ ከ1.5 ወደ 1 ሜትር ይወርዳል። አንድ ሦስተኛውን አጣ፤ ግን ይሄዳል። ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ሲሆን ግን የሚቀረው ፍጥነት 0.25 ሜትር ብቻ ነው። ነፋሱ 8.4 ሜትር ሲደርስ፣ ይህም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቀዛፊው ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ ባለበት ይቆማል። ከዚያ ካለፈ እየቀዘፈ ወደ ኋላ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ከ«ደኅና እሄዳለሁ» እስከ «መሄድ አልችልም» ድረስ ያለው ርቀት በነፋሱ ፍጥነት ሲለካ በጣም አጭር ነው፤ በሰከንድ ሦስት ሜትር ብቻ። ነፋስ ደግሞ በአንድ ልክ አይነፍስም፤ ይነሣል፣ ይወርዳል። ከ7 ሜትር ወደ 10 ሜትር ለአፍታ የሚነሣ ነፋስ ኃይሉን በእጥፍ ያሳድገዋል። የቆመውን ሰው ከሰሌዳው የሚጥለውም አብዛኛውን ጊዜ የዘለቀው ነፋስ ሳይሆን ይህ ድንገተኛው ነው።

መንበርከክ ስለ ምን ይሠራል?

ወደ እኅቴ ልጅ ምክር እንመለስ። ሰው ሲንበረከክ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ። አንደኛ፣ ለነፋሱ የሚያጋልጠው ስፋት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ነፋስ ከውሃው ገጽ ጋር ስለሚፋተግ ከታች ቀርፋፋ፣ ከላይ ፈጣን ነው፤ ዝቅ ያለ ሰው የሚያገኘው ነፋስ የቆመ ሰው ከሚያገኘው ያነሰ ነው። ሦስተኛ፣ የአካሉ ክብደት ወደ ሰሌዳው ስለሚቀርብ ለመገልበጥ ያስቸግራል።

የመጀመሪያውን ብቻ ይዘን እናስላው። ተንበርክኮ የሚቀዝፍ ሰው መቅዘፊያው ስለሚረዝምበት ግፊቱ ከ30 ወደ 25 ኒውተን ይውረድ። እንዲያም ሆኖ በሰከንድ 8 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት በሰከንድ 0.8 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ያው ሰው ቆሞ 0.25 ሜትር ብቻ ይሄድ ነበር። ከዳርቻው አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ቆሞ ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ተንበርክኮ ግን 21 ደቂቃ ይበቃዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ጉልበቱን ሳይቀንስ የሚቀዝፍ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ የቆመው ሰው በእርግጥ የሚደርስ አይመስለኝም። ነፋሱ ከዚህም ከበረታ በሆድ ተኝቶ በእጅ መቅዘፍ አለ፤ ያን ጊዜ ለነፋሱ የሚተርፈው ስፋት እጅግ ጥቂት ነው። ከዳርቻው ተመልካች ፊት ያማረ አይመስልም። ቤት የሚያደርሰው ግን እርሱ ነው።

ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ሌላ ችግር ይፈጠራል። ሰሌዳው ከሥሩ፣ ከኋላው ጫፍ አጠገብ፣ ውሃውን ቆንጥጦ የሚይዝ ክንፍ አለው። ኋላው በክንፉ ተይዞ ሳለ ቀላሉ አፍንጫ በነፋስ ይገፋል፤ ስለዚህ ሰሌዳው ወደ ነፋሱ መሄጃ ይዞራል። ይህን ለማቃናት የሚቀዘፈው ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጎን ነው። ነፋስ ከቀኝ ከመጣ በግራ ይቀዘፋል። መድረሻውንም በቀጥታ ማየት አይበቃም፤ ነፋሱ የሚወስደውን ያህል አስቀድሞ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ማዘንበል ያስፈልጋል፤ ወንዝ በዋና የሚሻገር ሰው ከመድረሻው ከፍ ብሎ እንደሚገባ ማለት ነው።

ዳርቻው የሚያሳስተው ለምንድን ነው?

በዚያን ጠዋት ያሳሳተኝ የውሃው ልስላሴ ነበር። ነፋሱ የሚነፍሰው ከምሥራቅ፣ ከምድር ወደ ውሃ ነው። እኔ ያለሁት በምሥራቁ ዳርቻ ነው። ከኋላዬ ያለው ተዳፋት፣ ዛፉና ቤቱ ነፋሱን ስለሚከልሉት በዳርቻው አልተሰማኝም። ሞገድም አላየሁም፤ ምክንያቱም ሞገድ ለማደግ መሮጫ ይፈልጋል። ነፋስ በውሃ ላይ የሚጓዘው ርቀት በረዘመ ቁጥር ሞገዱ ያድጋል፤ ነፋሱ ከምድር በሚወጣበት በዳርቻው ግን መሮጫው ዜሮ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚያሰጋው ነፋስ በመነሻው ላይ ከሁሉ የለሰለሰ ውሃ ያሳያል። ከመጠለያው ሲወጡ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፤ ሰው ደግሞ ከኋላ የሚገፋውን ነፋስ እንደ ራሱ ጉልበት ይቆጥረዋል።

ይህ ግፊት ምን ያህል ይወስዳል? በሰከንድ 10 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ውስጥ፣ መቅዘፊያውን ይዞ ዝም ብሎ የቆመ ሰው በስሌታችን መሠረት በሰከንድ 1.5 ሜትር ይንሳፈፋል። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ 900 ሜትር ማለት ነው። ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ ከባልንጀራው ጋር ሲጨዋወት ዐሥር ደቂቃ ያልፋል።

ምልክቱን ማንበብ የሚቻለው ከሩቅ ነው። ወደ መካከል ስንመለከት የሞገዱ ጫፍ ነጭ አረፋ መድፋት ከጀመረ፣ ያ ነፋስ ጀማሪን ለማስቸገር በቂ ነው። አየርላንዳዊው የባሕር መኮንን ፍራንሲስ ቦፎርት በ1805 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ያዘጋጀው የነፋስ መለኪያ በኋላ ዘመን ነፋስን በባሕሩ መልክ ለመለየት ያገለገለው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ መለኪያ አራተኛው ደረጃ፣ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር፣ ነጩ አረፋ በብዛት የሚታይበት ነው። አምስተኛው ደረጃ ደግሞ በሰዓት ከ29 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ ቀዛፊያችን ባለበት የቆመው ልክ እዚያ ላይ እንደነበረ አስታውሱ።

ነፋሱ ከየት ይመጣል?

ሐይቅ የራሱ ነፋስ አለው። ቀን ቀን ፀሐይ ምድሩን ከውሃው ፈጥና ታሞቀዋለች፤ በምድሩ ላይ ያለው አየር ሞቆ ሲነሣ ከውሃው በላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ወደ ምድር ይገባል። ሌሊት ምድሩ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል፤ ነፋሱ ከምድር ወደ ውሃ ይወጣል። በዚህ መካከል፣ በማለዳ፣ ሁለቱም የሚያርፉበት ሰዓት አለ።

በገሊላ ባሕር ላይ ግን ሌላ ይጨመራል። ያ ሐይቅ 21 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 13 ኪሎ ሜትር ወርድ ቢኖረው ነው፤ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ከሜዲትራኒያን የሚነሣው የባሕር ነፋስ ኮረብታዎቹን ተሻግሮ ወደ ሸለቆው ይወርድና ከምዕራብ በኃይል ይነፍሳል። በዚያን ጊዜ የሚያሰጋው ምዕራባዊው፣ የጥብርያዶስ ወገን ነው። በመከርና በክረምት ወራት የምሥራቅ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ የሚያሰጋው የምሥራቁ ዳርቻ ይሆናል። ስለዚህ «ይህ ዳርቻ ደኅና ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ደኅና የሚሆነው በሰዓቱና በነፋሱ ነው። በዚያ አገር የባሕር ዳርቻ ነፍስ አዳን ሠራተኞች ሐሳኬ በሚባል ሰፊ ሰሌዳ ላይ ቆመው፣ ሁለት ጫፍ ባለው መቅዘፊያ እየቀዘፉ ሰው ሲያወጡ አይቻለሁ። ቆሞ መቅዘፍ ለእነርሱ ሥራ ነው፤ ከፍ ብሎ ማየት ያስችላቸዋልና። ወደ ውሃ ከመግባታቸው በፊት ግን ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው በባንዲራው መውለብለቢያ ላይ ነው።

ጣና በብዙ ነገር ከዚያ ይለያል። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ የሚያሳርፈው ኃይል ከገሊላው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቀዛፊያችን በዚያ በሰከንድ 8.4 ሜትር ነፋስ ባለበት ከቆመ፣ እዚህ የሚቆመው 9.3 ሜትር ላይ ነው። ትንሽ እፎይታ ነው። ነገር ግን የጣና ስፋት ለሞገዱ ረጅም መሮጫ ይሰጠዋል፤ በአንድ በኩል ያተረፍነውን በሌላው በኩል እንከፍላለን።

የታንኳ ቀዛፊዎች እውቀት

ከዚህ ሁሉ ስሌት በኋላ የታንኳ ሰዎቻችንን ልማድ ስመለከት ብዙ ነገር ይገለጥልኛል። ታንኳ የደንገል ሥራ ነው፤ ነገደ ወይጦ በሚሠሩት ጥበብ ይታወቃሉ። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ ከውሃ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው ሰው ጉዞውን በማለዳ ይጀምራል። በልጅነቴ ይህ ለገበያ ለመድረስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የማለዳው እርጋታ ራሱ ሌላ ምክንያት እንደሆነ እረዳለሁ። የተቆለለ ማገዶ ለነፋስ የሚያጋልጠው ስፋት ከቆመ ሰው ስፋት በእጅጉ ይበልጣል፤ ሳይፈልጉት የተሰቀለ ሸራ ነው። ቀዛፊው ደግሞ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። በነፋስ ጊዜ መካከሉን ትቶ ዳር ዳሩን ይይዛል። ከደሴትና ከልሳነ ምድር ከለላ ሥር ያልፋል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ በቀመር የሚያገኙትን እርሱ ከአባቱ ተቀብሎታል።

ነፋስ ሁልጊዜ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። በሃዋይ ከሞሎካይ ደሴት እስከ ኦዋሁ ደሴት፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ነፋስና ሞገድን ከኋላቸው አድርገው በሰሌዳ ላይ ቆመው የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ። ሞገዱ ይሸከማቸዋል። እነርሱ ግን መድረሻቸውን በነፋሱ መሄጃ ላይ አስቀድመው መርጠዋል፤ አጃቢ ጀልባም አላቸው። እኔ የመረጥሁት ነገር አልነበረም።

ምን እናድርግ?

ከስሌቱ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ወደ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ነፋሱ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ በዳርቻው ሳይሆን ገለጥ ባለ ቦታ፣ በጭሱ፣ በባንዲራው፣ በዛፉ ጫፍ እዩ። ከምድር ወደ ውሃ የሚነፍስ ከሆነ አትግቡ። በሌላ አቅጣጫ ከሆነ ጉዞውን ነፋሱን በመጋፈጥ ጀምሩ፤ ጉልበት ሳለ መሄጃው ይክበድ፣ ሲደክማችሁ መመለሻው ይቅለል። ከገባችሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዞራችሁ መመለስ እንደምትችሉ ሞክሩ፤ እኔ ይህን አንድ ነገር ባደርግ ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖርም ነበር። የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ። ሰሌዳውን ከእግራችሁ ጋር በገመዱ እሰሩ፤ ሰው የሌለበት ባዶ ሰሌዳ እንደ ቅጠል ስለሚወሰድ ዋናተኛ አይደርስበትም። ነፋሱ ሲበረታ ሳትወድቁ ተንበርከኩ።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ከአድማጮች የቀረበ ጥያቄ፦ መምህር፣ በስሌትዎ መሠረት ነፋሱ የሚገፋው ከውሃ በላይ ያለውን አካል ነው። ዋናተኛ ከውሃ በላይ ያለው ራሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሰሌዳውን ትቶ ዋኝቶ መውጣት አይሻለውም?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም በዚያን ዕለት አስቤው ነበር። ስለ ነፋሱ ያልከው ትክክል ነው። የቀረው የሰውየው ጉዳይ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በሞገድ ውስጥ መዋኘት ልምድ ላለው ሰው እንኳ ቀላል አይደለም፤ አብዛኞቻችን መካከሉ ሳንደርስ እንደክማለን። ሰሌዳው በአንጻሩ አይሰምጥም፤ ደክሞህ ብታርፍበት ይሸከምሃል። በውሃ ላይ ያለ የሰው ራስ ከሩቅ አይታይም፤ ሰሌዳ ግን ይታያል፤ የሚፈልጉህ ሰዎች የሚፈልጉት እርሱን ነው። ስለዚህ በሆድህ ተኝተህ በእጅህ ቅዘፍ፤ በቀጥታ መመለስ ካልቻልህ አግድም እየሄድህ ወደሚቀርብህ ዳርቻ ውጣ፤ ያም ካልሆነ ሰሌዳውን ይዘህ እርዳታ ጥራ። ከነፋሱ ጋር ወዴትም ብትሄድ ከሰሌዳው አትለይ። የእኅቴ ልጅም ያን ጠዋት ከጩኸቱ መካከል ደጋግሞ ያለኝ ይህንኑ ነበር፤ «ጋሼ፣ ሰሌዳውን አይልቀቁ!»